የወደቀ ሞተር ሒሳብ

አብነት አካባቢ ካለ አንድ ጠባብ የሞተር ጋራዥ ደጃፍ ላይ ቀይ ቦክሰር 150 ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የቀኝ ስፔኪዮው የለም። የፊት ፍሬን እጀታው ወደ ላይ ተቆልምሟል፤ የቀኝ ፍሬቻው በሽቦው ተንጠልጥሏል፤ የነዳጅ ታንኩ መዳፍ የሚያህል ቦታ ሰርጉዷል፤ ማርሚታው በአንድ ጎኑ ተፋፍቋል። ከሁሉ ይልቅ ዓይን የሚስበው ግን መሪው ነው። የፊት ጎማው ቀጥ ብሎ እያለ መሪው ወደ ቀኝ ዞሯል።

ሞተሩን ያመጣው ዴሊቨሪ የሚሠራ፣ ሃያዎቹን ገና የጀመረ ወጣት ነው። በእጁ የተጣጠፈ ቁራጭ ወረቀት ይዟል፤ ጠዋት መጀመሪያ የሄደበት ጋራዥ የሰጠው ነው። ወረቀቱ ላይ «34 ሺህ» ከሚለው ቁጥር በስተቀር የተጻፈ ነገር የለም።

የጋራዡ ባለቤት እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። መጀመሪያ ያየው ሞተሩን ሳይሆን ልጁን ነው።

«አንተስ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ። ጉልበቴን ትንሽ ላጥ አደረገኝ እንጂ።»

«ቆሞ ነው የወደቀው ወይስ እየሄድክ?»

«እየሄድኩ። ዝናቡ እንዳባራ ኮብልስቶኑ ላይ ልታጠፍ ስል ከሥሬ ሄደ። ፍጥነት እንኳ አልነበረኝም።»

«ካነሳኸው በኋላ ሞተሩን አስነስተኸዋል?»

«ሞክሬ እምቢ አለኝ። እየገፋሁ ነው ያመጣሁት።»

«እሰይ፤ እንኳንም እምቢ አለ።» ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። «34 ሺህ የምኑ ነው?»

«ሁለቱም የፊት ሾክ ይቀየራል፣ ታንኩ ይቀየራል፣ የመሪው ብረትም… ብቻ ሁሉም ይቀየራል ነው ያሉኝ።»

ባለጋራዡ ወረቀቱን መለሰለት፤ ከዚያም የፊት ጎማውን በሁለት ጉልበቶቹ መሃል አጥብቆ ያዘና መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ግራ ነቀነቀው። መሪው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «ቁልፍ አምጣልኝ» አለ ረዳቱን።

በአዲስ አበባም ሆነ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርም ሆነ በድሬዳዋ፣ በሞተር የሚተዳደር ሰው ሁሉ ይህን ቀን ያውቀዋል። ሞተር በሁለት ጎማ የቆመ ነገር ነውና አንድ ቀን ይወድቃል። በትልቅ ግጭት ላይሆን ይችላል። እርጥብ ኮብልስቶን፣ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ፣ ጭቃ ውስጥ የሰመጠ መቆሚያ እግር፣ ቁልቁለት ላይ ያለ ማርሽ የቆመ ሞተር በቂ ነው። ውድቀቱ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም፤ ሒሳቡ ግን የወር ገቢ ሊበላ ይችላል። የሒሳቡን መጠን በአብዛኛው የሚወስነው፣ ከወደቀ በኋላ ምኑ ቀድሞ እንደታየ፣ ማን እንዳየውና የታየው ነገር በወረቀት ላይ መስፈር አለመስፈሩ እንደሆነ አምናለሁ። ብዙ ወጣቶች ሊስተካከል ለሚችል ዕቃ ከፍለው፣ ሊቀየር የሚገባውን ዕቃ እንደያዙ ወደ መንገድ ይመለሳሉ። የሚያሳስበኝ የገንዘቡ ብክነት ብቻ አይደለም፤ በማግስቱ ፍሬን ሲይዙ የሚሆነው ነገር ጭምር ነው።

እንደ ቦክሰር ያለ ሞተር ክብደቱ 120 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ክብደት በጎኑ ሲያርፍ መሬት የሚነኩት ጥቂት ነጥቦች ብቻ ናቸው፤ የመሪው ጫፍ፣ ስፔኪዮው፣ ፍሬቻው፣ የእግር ማሳረፊያው። በቀኝ ከወደቀ የፊት ፍሬን እጀታ፣ የኋላ ፍሬን ፔዳል፣ ማርሚታና የሞተሩ የቀኝ ክዳን አብረው ይመታሉ። በግራ ከወደቀ የፍሪሲዮን እጀታና የማርሽ ፔዳል ናቸው ተረኞቹ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ርካሽ ዕቃዎች ናቸው፤ ከዋናው አካልም ተለይተው በብሎን የታሰሩ ናቸው። ሒሳቡ የሚከብደው ምቱ ከእነዚህ ነጥቦች አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ወይም የገባ ሲመስል ነው።

የገባ ከሚመስልባቸው ቦታዎች ዋነኛው የተጣመመ መሪ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የፊት ጎማውን የሚይዙት ሁለት ረጃጅም የብረት ቱቦዎች፣ ማለትም ሾኮቹ፣ ከላይና ከታች በሁለት መቆንጠጫዎች ታቅፈው ነው ከመሪው ጋር የሚያያዙት። መቆንጠጫዎቹ ቱቦዎቹን የሚይዙት በብሎን ጥብቀት ነው። የመሪው ጫፍ መሬት ሲመታ፣ ሞተሩም በጎኑ እንደተኛ ጥቂት ሲንሸራተት፣ መሬቱ ያንን ጫፍ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የመሪው ጫፍ ከመሃሉ ርቆ ስለሚገኝ ግፊቱ ትልቅ የመጠምዘዝ ኃይል ይፈጥራል፤ ቱቦዎቹም በመቆንጠጫዎቹ ውስጥ ይንሸራተታሉ። መሪው ከጎማው ጋር አልገጥም ይላል። ላየው ሰው ሁሉ ነገር የተጣመመ ይመስላል፤ የተጣመመ ብረት ግን ላይኖር ይችላል።

ባለጋራዡ ያደረገውን ቆሜ አይቻለሁ። ረዳቱ የፓራፋንጎውን ብሎኖች አላላ፤ ቀጥሎ የጎማውን ዘንግ፣ ቀጥሎ የታችኛውንና የላይኛውን መቆንጠጫ ብሎኖች። ምንም አልወለቀም፤ ሁሉም ላላ ብቻ። ከዚያ ባለጋራዡ ጎማውን በጉልበቶቹ ይዞ መሪውን ወደ ቦታው መለሰው፤ ሞተሩን ከማቆሚያው አውርዶም ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ታች ጫን ጫን አደረገው፤ ቱቦዎቹ ራሳቸው ትይዩ ሆነው እንዲቀመጡ ነው። ፊት ለፊት ቆሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየና ብሎኖቹን በተራ አጠበቀ። ልጁ ሞተሩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ መሪው ቀጥ ብሏል።

«ስለዚህ ሾኩ ደህና ነው ማለት ነው ጋሼ?»

«አይደለም። ገና አላወቅንም።»

ጥሩ መካኒክ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። መሪው ቀጥ ማለቱ ቱቦው አለመታጠፉን አያረጋግጥም። ባለጋራዡ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አወጣና ጠረጴዛው ላይ በዘረጋው ወፍራም መስታወት ላይ አንከባለላቸው። የታጠፈ ቱቦ በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ሲንከባለል ይዘላል፤ ከሥሩም በአንድ በኩል ብርሃን ይታያል። በደንብ የተደራጀ ጋራዥ ይህንኑ በመለኪያ ሰዓት (ዳያል ጌጅ) ይሠራዋል፤ ብዙ የፋብሪካ የጥገና መጻሕፍት ገደቡን 0.2 ሚሊ ሜትር ላይ ያደርጉታል። ከዚያ ካለፈ ይቀየራል። የልጁ ሁለቱም ቱቦዎች ያለ ዝላይ ተንከባለሉ።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይገኝም። ሞተሩ ከመውደቁ በፊት ጎማው ጉድጓድ ወይም የእግረኛ መንገድ ጠርዝ መትቶ ከሆነ ቱቦው ከታችኛው መቆንጠጫ ሥር የመታጠፍ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በዚህ ጊዜ «በፕሬስ ቀጥ እናድርገው» የሚል ሰው አይጠፋም። ዋጋውም ያጓጓል። ቀጥ የተደረገ ቱቦ ግን አንድ ጊዜ ታጥፎ እንደገና የተመለሰ ብረት ነው፤ ጥንካሬው ቀንሷል፤ የት ላይ እንደደከመም ከውጭ አይታይም። የፊት ጎማ የሚይዝን ዕቃ በዚህ መንገድ ማዳን ትክክል አይመስለኝም፤ አምራቾችም አያድርጉት ይላሉ። ገንዘቡ ከጠበበ ሌላው ሁሉ ይቆይ፤ ይህ አይቆይም።

ከሾኩ ጋር አብሮ የሚታይ ሌላም ነገር አለ፤ የመሪ ኩሽኔታ። የፊት ጎማው ከመሬት ተነስቶ መሪው በቀስታ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል። መሃል ላይ ገጭ የሚል ቦታ ካለው ኩሽኔታው ተመትቷል። ጎማውም እየተሽከረከረ ቸርኬው ይታያል። ራጂ ያለው ቸርኬ ከሆነ የላሉትን ራጂዎች ማጥበቅ ሊበቃው ይችላል፤ ባለ አንድ ወጥ ቸርኬ ከሆነ ስንጥቅ መፈለግ ነው። በመጨረሻም ከኋላው ጎማ በሁለቱም ጎን ወደ ፊት ሁለት ክር ይወጠራል፤ የፊቱ ጎማ በሁለቱ ክሮች መካከል እኩል ክፍተት ካለው ሻንሲው ደህና ነው። አንድ ጥቅል ክርና ሩብ ሰዓት ብቻ የሚጠይቅ ምርመራ ነው። ይህን ሳያዩ «ሁሉም ይቀየራል» ማለት ግምት እንጂ ምርመራ አይባልም።

አሁን ባለጋራዡ «እንኳንም እምቢ አለ» ወዳለው ልመለስ። ሞተር በጎኑ ሲተኛ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ሁሉ ቦታውን ይለቃል። ካርቡራተር ያለው ሞተር ነዳጁን በትርፍ ማስወጫው ያፈሳል፤ ዘይቱ በመተንፈሻ ቱቦው በኩል ወደ አየር ማጣሪያው ሊገባ ይችላል፤ አሲድ የሚጨመርበት ባትሪም ያንጠባጥባል። ሞተሩ ተኝቶ እየሠራ ከቆየ ደግሞ የዘይት ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር ሊስብ ይችላልና ፒስቶኑና ዘንጎቹ ያለ ቅባት ይፋተጋሉ። ነዳጅ በኢንጀክሽን ከሚረጩ አዳዲስ ሞተሮች ብዙዎቹ መውደቃቸውን የሚያውቅና ሞተሩን የሚያጠፋ ሴንሰር አላቸው። ካርቡራተር ያላቸው አብዛኞቹ የላቸውም፤ ስለዚህ ከወደቁ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ፣ አሽከርካሪው ራሱ ደህና ከሆነ፣ መሪው ላይ ያለውን ማጥፊያ መጫን ነው።

ከዚያ ማንሳትና መታገሥ። ዘይቱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ጥቂት ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ መጠኑም መታየት አለበት። ነዳጅ ወይም ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ከሆነ ሞተሩን በኃይል ለማስነሳት መታገል አደገኛ ነው፤ ፈሳሽ እንደ አየር አይጨመቅምና ፒስቶኑን የሚያያይዘው ዘንግ ሊታጠፍ ይችላል። ባለጋራዡ ካንዴላውን ፈትቶ የእግር ማስነሻውን በቀስታ ረገጠ። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ የነዳጅ ጤዛ ወጣ። ካንዴላውን አድርቆ መለሰው፤ የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ አየው፤ ዘይት አልነካውም። ሞተሩ በሦስተኛው ርግጫ ተነሳ፤ ሰማያዊ ጭስ ጥቂት አጨሰና ጠራ። ለዚህ ሥራ ዕቃ አልተገዛም።

የሞተሩ አካል ላይ ያለ ስንጥቅ ግን ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በጣም የሚቀራረቡ ሁለት ጉዳቶች በዋጋ እጅግ ይራራቃሉ። በቀኝ በኩል ያለው የፍሪሲዮን ክዳን ቢሰነጠቅ ብሎኖቹ ተፈትተው፣ ክዳኑና ጓርኒሲዮኑ ተቀይረው በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው። ስንጥቁ ያለው በዋናው የሞተር ቤት፣ በካርተሩ ላይ ከሆነ ግን ሞተሩ ከሻንሲው ወርዶ ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት። «ካርተሩ ተሰንጥቋል» የሚለውን ቃል የሰማ ባለንብረት ስንጥቁን በጣቱ እንዲያሳዩት ይጠይቅ። ክዳኑ በብሎን የታሰረ፣ ብቻውን የሚወልቅ ነው። ትንሽ የአሉሚኒየም ስንጥቅ በአርጎን ብየዳ ሊዘጋም ይችላል፤ ጥሩ በያጅ ካገኘ፣ ዘይቱም በደንብ ከተጠረገ።

በልጁ ሞተር ላይ ክዳኑ ተፍቋል እንጂ አልተሰነጠቀም። ስለዚህ ባለጋራዡ ረዳቱን አስቀምጦ ያጻፈው ዝርዝር እንዲህ ሆነ፤ የፍሬን እጀታ ይቀየራል፤ ስፔኪዮ ይቀየራል፤ ፍሬቻ ይቀየራል፤ የኋላ ፍሬን ፔዳል በእሳት ይቃናል፤ ሾክ ተስተካክሏል፤ የሾኩ ዘይት ማገጃ ጎማ (ፓራኦሊዮ) እና ዘይት ከተፈታ አይቀር ይቀየራል፤ ታንኩ በሌላ ጊዜ። ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ዋጋ ተጻፈ፤ የእጅ ዋጋ ለብቻው ከታች ሰፈረ። ድምሩ ከዘጠኝ ሺህ ብር ጥቂት አለፈ።

ልጁ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበበውና ጣቱን የእጅ ዋጋው ላይ አሳረፈ። «ጋሼ፣ ሾኩን ብሎን ፈትተው ነው ያጠበቁት፤ ይቺ ትንሽ አልበዛችም?»

ይህ ጥያቄ የነገሩ ሁሉ ሥር ነው ብዬ አስባለሁ። ልጁ አልተሳሳተም፤ የሚከራከረው ለዕለት ጉርሱ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ደንበኛ የሚከራከረው በእጅ ዋጋ ላይ ነው፤ በዕቃ ዋጋ ላይ ክርክሩ ያንሳል፤ ዕቃ ይታያል፣ ይጨበጣል፣ ዕውቀት ግን አይታይም። መካኒኩም ይህን ያውቃል። በእጁ ሥራ ካልተከፈለው ኑሮውን ከዕቃው ላይ ይፈልጋል፤ ከመለዋወጫ ሱቁ ኮሚሽን ይቀበላል፣ ወይም ራሱ ገዝቶ ትርፍ ይጨምርበታል። እንዲህ ባለ አሠራር ሠርቶ ከማዳን ይልቅ መቀየር ያዋጣል። መድኃኒት ባዘዘ ቁጥር የሚከፈለው ሐኪም ብዙ መድኃኒት ቢያዝ አይገርምም። በብሎን መላላት የሚድን መሪ 34 ሺህ ብር የሚሆንበት መንገድ በአብዛኛው ክፋት አይደለም፤ ለማዳን የሚከፍል ሰው መጥፋቱ ነው። ሃያ ደቂቃ የፈጀው ሥራ ከኋላው የብዙ ዓመት ልምድ አለው። የእጅ ዋጋው በዚያ ቀን ባይቀነስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ባለጋራዡ ግን ቀነሰለት።

የዕቃው ዋጋ ደግሞ በራሱ ከአሽከርካሪውም ከመካኒኩም አቅም በላይ የሆነ ታሪክ አለው። ቦክሰር የባጃጅ አውቶ፣ አፓቼ የቲቪኤስ ምርት ነው፤ ሁለቱም የህንድ ኩባንያዎች ናቸው፤ መለዋወጫቸው ከህንድና ከቻይና በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የዶላር ይፋዊ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ሳይሰቀቁ ይገዙ የነበሩ ዕቃዎች አሁን ተጠይቆ፣ ታስቦ፣ ተነጻጽሮ ነው የሚገዙት። ይህም ኮፒ ዕቃ እንዲስፋፋ፣ ያገለገለ ዕቃም እንዲፈለግ አድርጓል።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ስንቱን መኪና በእግሩ ሲያቆም ኖሯል፤ ምናለሽ ተራም የተጣለ ብረት እንደገና ሥራ የሚያገኝበት ቦታ ነው። ዋናው ነገር የትኛው ያገለገለ ዕቃ እንደሚገዛ መለየት ነው። ስፔኪዮ፣ ፓራፋንጎ፣ የጎን ፕላስቲክ፣ የእግር ማሳረፊያ፣ ታንክም ቢሆን ያልዛገ ከሆነ ያገለገለ ቢሆኑ ምንም አይጎዱም። የፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ ታሪኩ ያልታወቀ የሾክ ቱቦ ግን አይገዛም። የፍሬን እጀታም አይቃናም። ከአሉሚኒየም በቅልጥ የተሠራ ስለሆነ ታጥፎ ሲመለስ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ የሚሰበረውም በጣም በሚፈለግበት ቅጽበት፣ በኃይል ሲጨበጥ ነው። ዋጋው ደግሞ ከዝርዝሩ ሁሉ ትንሹ ነው። ፍሬኑ ዲስክ ከሆነ መሪው ላይ ያለችው የፍሬን ዘይት ዕቃ ስትጋደም አየር ሊገባባት ይችላል፤ እጀታው ሲጨበጥ ልል ካለ አየሩ መውጣት አለበት።

ሄልሜቱም በዚህ ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይረሳል። ጭንቅላት የሚያድነው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ፎም ሲጨፈለቅ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ አይመለስም። መሬት የመታ ሄልሜት ከውጭ ጭረት ብቻ ቢታይበትም ሥራውን ጨርሷል። ለታንኩ ቀለም ከማውጣት በፊት ለእሱ ማውጣት ይቀድማል።

ልጁ ዘጠኝ ሺውን ብር በኪሱ አልያዘም፤ ሞተሩም የእሱ አይደለም። ይህን የተናገረው ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ ነው። ባለንብረቱ ሌላ ሰው ነው፤ ልጁ በየሳምንቱ ገቢ ያስገባለታል። ሞተሩ ጋራዥ በገባበት ሳምንትም ገቢው ይጠበቃል። በመዲናዋ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ፈቃድ የሞተር እንቅስቃሴ ከተከለከለ ወዲህ መንገድ ላይ ከሚታዩት ሞተሮች ብዙዎቹ የሥራ ሞተሮች ናቸው። የቆመ ሞተር የቆመ እንጀራ ነው። አንዳንዱ አሽከርካሪ የተጣመመ መሪ ይዞ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ጥፋቱንም በእሱ ላይ ብቻ ማድረግ አይገባም።

«ኢንሹራንስ አለው አይደል?» አለ ከጎን ቆሞ የነበረ ሌላ ደንበኛ። አለው፤ ግን የሦስተኛ ወገን ነው። በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 የተደነገገውና በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 የታደሰው ግዴታ፣ ተሽከርካሪው በሌላ ሰው አካል፣ ሕይወትና ንብረት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚሸፍን ነው። ራሱ ለወደቀ ሞተር አንድ ብር አይከፍልም። ያንን የሚሸፍነው ባለንብረቱ በፈቃዱ የሚገባው ሙሉ የመድን ሽፋን ነው፤ በእሱም ቢሆን የጉዳቱን የመጀመሪያ ድርሻ ባለንብረቱ ራሱ ይችላል። እንዲህ ላለ መለስተኛ ውድቀት ያ ድርሻ ብቻውን ከጥገናው ብዙም ላይርቅ ይችላል።

ስለዚህ የሚቀረው በባለንብረቱና በአሽከርካሪው መካከል ያለው ስምምነት ነው፤ እሱ ደግሞ በአብዛኛው በቃል ነው። «ተጠንቅቀህ ንዳ» ተብሎ ቁልፍ ይሰጣል። ስለ መውደቅ አይነሳም፤ ማንሳቱ እንደ ሟርት ይቆጠራል። በኔ አስተያየት ከቁልፉ ጋር ሦስት አራት መስመር አብሮ መሰጠት አለበት። ሞተሩ ከመረከቡ በፊት በአራቱም ጎን ፎቶ ይነሳ። በመደበኛ ሥራ ላይ የደረሰ መለስተኛ ጉዳት እንዴት እንደሚካፈል ይጻፍ። ሞተሩ ጋራዥ ባለበት ቀን ገቢው እንደማይቆጠር፣ ወይም ምን ያህሉ እንደሚቆጠር ይታወቅ። አሽከርካሪው ጉዳቱን ሳይደብቅ ያኔውኑ እንዲናገር የሚያደፋፍር ውል ባለንብረቱን ራሱን ይጠቅመዋል፤ የተደበቀ ስንጥቅ በኋላ የሚያስከፍለው ከፍ ያለ ነውና።

ከጋራዡ ጋር ያለውም ግንኙነት እንዲሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2610 ጀምሮ፣ በራሱ ኃላፊነት አንድን ሥራ ሠርቶ ውጤቱን ለማስረከብ በዋጋ ስለሚዋዋል ሰው ይደነግጋል። ሕጉን ጠቅሶ ጋራዥ የሚገባ ደንበኛ የለም፤ እንዲኖርም አልጠብቅም። ፕሮፎርማ መጠየቅ ግን ማንንም አያስቀይምም። ዕቃው በስሙ፣ ኦሪጅናል ይሁን ኮፒ ወይም ያገለገለ፣ የሚቀየር ይሁን የሚጠገን፣ የእጅ ዋጋው ለብቻው፤ ከዚህ ውጪ አዲስ ችግር ከተገኘ ከመሠራቱ በፊት እንዲደወል። የወለቀው ዕቃ ደግሞ ለባለቤቱ ይመለስ። አሮጌውን ዕቃ በፌስታል አድርጎ የሚያስረክብ ጋራዥ ደንበኛውን ሳይለምን እምነቱን ያገኛል። ይህ ወረቀት መካኒኩንም ይጠብቀዋል፤ «ይህን አላዘዝኩም» የሚል ደንበኛ ሲመጣ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

ባለጋራዡ ለባለንብረቱ ራሱ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ዝርዝሩን አነበበለት፤ የሾኩን ጉዳይ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስረዳው። ባለንብረቱ ስለ ታንኩ ጠየቀ፤ ሞተሩን ወደፊት ሊሸጠው ያስባልና ስርጉዱ አሳስቦታል። «ታንኩ አያፈስም፤ ስርጉዱ ለሥራ አይከለክለውም» አለው። ስርጉድ የታንክ ላሜራ ከውጭ ሊሳብ፣ በስቱኮ ሊሞላና ሊቀባ ይችላል። ብየዳ ከተባለ ግን ታንኩ ከሞተሩ ወርዶ፣ ነዳጁ ተደፍቶ፣ ደጋግሞ ታጥቦ፣ ተነፍሶና ውሃ ተሞልቶ መሆን አለበት። ባዶ የሚመስል ታንክ ውስጥ የቀረው የቤንዚን ትነት ከሙሉ ታንክ ይበልጥ ይፈነዳል። ይህን ሳያደርጉ የብየዳ እሳት የሚያስጠጉ ቦታዎች ስላሉ ባለንብረቶች ሥራው የት እንደሚሠራ መጠየቅ አለባቸው። ለሽያጭ የሚደረግ ማሳመር ለሽያጩ ሰሞን ቢቆይ ይሻላል፤ ሞተሩ ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ሌላ ጭረት ማግኘቱ አይቀርም።

በስልኩ የተስማሙት ባለንብረቱ የዕቃውን፣ ልጁ የእጁን ዋጋ እንዲችሉ ነው። የዚያ ሳምንት ገቢ ግማሽ ይሆናል። ልጁ ድርሻውን በሁለት ጊዜ ሊከፍል ተስማማ፤ ባለጋራዡም በዝርዝሩ ግርጌ ጻፈውና አስፈረመው።

ዕቃው የተገዛው ልጁና ረዳቱ አብረው ሄደው ነው። ከሰዓት በኋላ እጀታው፣ ፍሬቻውና ስፔኪዮው ገቡ፤ ሾኩ አዲስ ፓራኦሊዮና ዘይት አግኝቶ ተገጠመ። ረዳቱ የሾኩ ብሎኖች ላይ በነጭ ቀለም ትንሽ መስመር አሰመረ። ብሎኑ ከላላ መስመሩ ይሰበራልና ዓይን ያየዋል። ባለጋራዡ ሞተሩን ሠፈሩ ውስጥ አንድ ዙር ነድቶ ተመለሰ፤ መሪውን ለቀቅ አድርጎ ወደ አንድ ጎን እንደማይስብ አይቷል፤ ፍሬኑንም በሁለት ቦታ ሞክሯል።

«ከሳምንት በኋላ ትመጣለህ» አለው ልጁን። «ብሎኖቹን አያቸዋለሁ። የመሪው ኩሽኔታ ይላላ ይሆናል፤ ሾኩ ዘይት ካፈሰሰም ያን ጊዜ ነው የሚታወቀው። አትከፍልበትም። ከዚያ በፊት መሪው ቢንቀጠቀጥብህ ወይ ፍሬኑ ሲያዝ ገጭ ገጭ ቢልብህ፣ ሥራ ላይ ብትሆንም እዚያው አቁመህ ደውልልኝ።»